መሰየም፦ በጾታዊ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ስሙ ከመዝገብ እንዲሰረዝ የሚጠይቅበት ሕግ

መሰየም በወንጀል ተፈርዶበት ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለትና በፍርዱ ምክንያት ያጣቸው መብቶች እንዲመለሱለት ፍርድ ቤትን የሚጠይቅበት ሥርዓት ነው። ደንቡ በወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ከአንቀጽ 232 እስከ 237 ተቀምጧል። ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ በ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ነበር። ያም ሆኖ ከሕግ ባለሙያዎች ክበብ ውጭ ስሙ እምብዛም አይነሳም። ቅጣቱን ፈጽሞ ከማረሚያ ቤት የሚወጣ ሰው የመፈቻ ደብዳቤውን ተቀብሎ ይሄዳል እንጂ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ፍርድ ቤት የሚያስገባው ማመልከቻ እንዳለ የሚነግረው የለም።

ጉዳዩ አሁን ክብደት ያገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ2015 ነሐሴ በባሕር ዳር አንዲት የ7 ዓመት ሕፃን ተደፍራ ተገደለች፤ ጥፋተኛው 25 ዓመት ተፈረደበት። ነገሩ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2016 ነሐሴ፣ በመላ አገሪቱ ሲሰማ ቁጣው ገነፈለ፤ ቅጣቱ አነሰ የሚለው ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ተስተጋባ። ከቁጣው ጋር አብረው ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱ በጾታዊ ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች ተለይተው የሚታወቁበት መዝገብ ይኑር የሚለው ነው። ሐሳቡ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በሴቶች መብት ተሟጋቾች ዘንድ ከዚያ በፊትም ይነሳ ነበር። መዝገብ ሲታሰብ ግን ማን ይገባበታል ከሚለው ጋር መቼና እንዴት ይወጣል የሚለውም አብሮ መታሰብ አለበት። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ፣ ቢያንስ መሠረቱ፣ በእነዚያ ስድስት አንቀጾች ውስጥ አለ።

በመጀመሪያ በየዕለቱ የሚምታቱትን አራት ቃላት መለየት ያስፈልጋል። ምሕረት በሕግ አውጪው አዋጅ የሚሰጥ ሲሆን ክሱንም ፍርዱንም ሊሽር ይችላል። ይቅርታ በይቅርታ ቦርድ በኩል አልፎ የሚሰጥ ነው፤ ቅጣቱን ይቀንሳል ወይም ያስቀራል፤ ጥፋተኝነቱን ግን አያነሳም። አመክሮ ታራሚው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በመልካም ጠባዩ የሚፈታበት መንገድ ነው። መሰየም ከሦስቱም ይለያል። የሚመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው፤ የሚነካውም ቅጣቱን ሳይሆን የፍርዱን ርዝራዥ፣ ማለትም በስሙ ላይ የቀረውን ምልክት ነው። በይቅርታ የተፈታ ሰው «ወንጀሌ ተሰርዟል» ብሎ ለሥራ ይቀርብና የአሻራ ምርመራው የቆየ ፍርዱን ሲያወጣበት ይደነግጣል። ይህ የሚሆነው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስላሰበ ነው።

ሕጉ የሚጠይቃቸው ሁኔታዎች ግልጽ ናቸው። ጽኑ እሥራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ፣ ቅጣቱ በይርጋ ከታገደ፣ በይቅርታ ወይም በአመክሮ ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት ማለፍ አለበት፤ በሌሎቹ ቅጣቶች 2 ዓመት ይበቃል። ተጨማሪ ቅጣት ካለ እሱም መፈጸም አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰውየው በመልካም ጠባይ የኖረ፣ በሌላ ወንጀልም ያልተቀጣ መሆን ይኖርበታል። በተጨማሪም ያደረሰውን ጉዳት በአቅሙ መጠን መካስ፣ የተፈረደበትን ወጪም መክፈል ይጠበቅበታል። ሕጉ የወንጀል ዓይነት አይለይም፤ በስርቆት የተቀጣውም በመድፈር የተቀጣውም በአንድ በር ይገባል። የበሩ መከፈት ግን ለማንም የተረጋገጠ አይደለም። መሰየም እንደ መብት የሚጠየቅ ሳይሆን በጠባይ የሚገኝ ዋጋ ነውና ፍርድ ቤቱ መርምሮ ሊከለክል ይችላል።

በጾታዊ ወንጀሎች የሚጣለው ቅጣት ከባድ ስለሆነ የጊዜው ስሌት ረጅም ነው። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 መሠረት ከ5 እስከ 15 ዓመት፣ ከባድ በሚሆንበት ጊዜ እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ ሞት ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ካስከተለ እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። ከ13 ዓመት በታች ባለች ልጅ ላይ የተፈጸመ ከሆነ መነሻው 13 ዓመት፣ ጣሪያው 25 ዓመት ነው። በ25 ዓመቱ ተይዞ 15 ዓመት የተፈረደበት ሰው 10 ዓመት ታሥሮ በአመክሮ ቢፈታ እንኳ ለመሰየም ማመልከት የሚችለው በ40 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ ጥፋተኛን በቶሎ የሚያድስ ነው የሚባለው ስጋት መሠረት የለውም። የጥያቄው በር ሲከፈት ሰውየው ጎልማሳ ሆኗል፤ ፍርድ ቤቱም የሚመዝነው የዓመታት ኑሮ ከፊቱ አለ።

ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድ ሦስት ነገር ይሆናል። ሰውየው በፍርዱ ምክንያት ያጣቸው የመምረጥና የመመረጥ፣ የወላጅነትና የሞግዚትነት ወይም የሙያ መብቶች ይመለሱለታል። ፍርዱ ከፖሊስ የጥፋተኝነት መዝገብ ይፋቃል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ከዚያ በኋላ የቆየውን ፍርድ በክፋት እያነሳ የሚዘልፈው ሰው ራሱ በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ሁሉ የነበረውን ወንጀል አልነበረም አያሰኝም። ፍርዱ ስህተት ነው የሚል ሰው መንገዱ ይግባኝና ሰበር ነው፤ መሰየም «ፈጽሜያለሁ፣ ተቀጥቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህም ይኸው እንዲህ ኖሬያለሁ» የሚል ሰው ጥያቄ ነው። የተሰየመ ሰው ተመልሶ በከባድ ወንጀል ከተቀጣ ደግሞ የተሰጠው ይሰረዝበታል።

ይህ ሕግ ወደ ኮኪት ሲወርድ ምን ይመስላል? ኮኪት ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የምዕራብ ጎንደር ቆላ ከተማ ናት። የአካባቢው ኑሮ በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ ላይ የቆመ ነው። ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ለአጨዳ የቀን ሠራተኛው ከደቡብ ጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ይጎርፋል። በየዓመቱ ተመላልሶ በረሃውን የለመደው ሳሉግ ይባላል። ሠራተኛው በእርሻ ካምፕ በድንኳንና በዳስ ያድራል፤ ቡና አፍልተው፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡለት ሴቶችና ልጃገረዶች አብረውት ወደ በረሃው ይወርዳሉ። ሠራተኛ የሚመለምለው ደላላ ወይም ካቦ የሚጠይቀው ጉልበትን እንጂ መታወቂያን አይደለም፤ ብዙውም በቅጽል ስሙ ነው የሚጠራው። የድንበሩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። መተማ ዮሐንስን ከሱዳኗ ገላባት የሚለያት አንድ ጅረት ነው፤ ከሚያዝያ 2015 ወዲህም በሱዳን ጦርነት የተሰደዱ ሰዎች በዚያው በር ገብተዋል።

እንዲህ ባለ ቦታ መዝገብ ሁለት ጊዜ ይከሽፋል። አንደኛ፣ ብዙ ጥፋት ወደ መዝገቡ አይደርስም። በበረሃ የተደፈረች ቡና ሻጭ ፖሊስ ጣቢያ ለመድረስ የሰዓታት መንገድ አለባት፤ ጥፋተኛው አጨዳው ሲያልቅ አካባቢውን ይለቃል፤ ከተያዘም ነገሩ በሽምግልና እንዲያልቅ ቤተሰብ ላይ ግፊት ይደረጋል። በቀድሞው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ይድን ነበር። የ1996ቱ ሕግ ይህን ሽሮ ከጠለፋ በኋላ የተደረገ ጋብቻ ተጠያቂነትን አያስቀርም ቢልም ልማዱ በአንድ አዋጅ አልሞተም። ስለዚህ መዝገብ ቢኖር የሚይዘው የተፈረደባቸውን ብቻ ነው፤ በእርቅ ያለፉት፣ ሸሽተው የቀሩት አይገኙበትም። መዝገቡን እንደ ሙሉ ጥበቃ የሚያስቡ ሁሉ ይህን ማስተዋል አለባቸው፤ በዝርዝሩ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ማሰብ ልጆችን ለአደጋ ያጋልጣል።

ሁለተኛ፣ የተመዘገበውን ከሰውየው ጋር ማገናኘት አስቸጋሪ ነው። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የለም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። እስከ አያት ድረስ የሚመሳሰል ስም በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ይገኛል። ስምን ብቻ ይዞ የሚለጠፍ ዝርዝር ምንም ያላጠፋውን ሞክሼ አብሮ ያስቀጣል። አሻራ ይህን ይፈታል፤ የፋይዳ መታወቂያም ሲዳረስ ይረዳል። እስከዚያው ግን በስም ብቻ የሚሠራ መዝገብ በቆላው እርሻ ላይ ትክክለኛውን ሰው የመያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ የተሳሳተውን ሰው የማጥፋት ዕድሉ ግን ትልቅ ነው።

ማመልከቻው ራሱ ሲታይ ችግሩ ይበልጥ ይገለጣል። መሰየም የሚጠየቀው ፍርዱን ከሰጠው ፍርድ ቤት ነው። በገንዳ ውኃ ተፈርዶበት ዛሬ ደብረ ታቦር የሚኖር ሰው ወደ ገንዳ ውኃ መመለስ አለበት፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ቆይቷል። ደርሶ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሸራ ወጥሮ የተቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ ያገኛል። ጸሐፊው በአንድ ገጽ ላይ ከላይ የፍርድ ቤቱን ስም፣ ቀጥሎ «አመልካች»፣ ከሥሩ «ተጠሪ፦ ዐቃቤ ሕግ» ብሎ ይጽፋል። እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ በልማድ የሚከተለው «ከጥፋቴ ተጸጽቼ ይቅርታ እንዲደረግልኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ማመልከቻውን ይገድለዋል፤ ፍርድ ቤት ይቅርታ አይሰጥምና ጥያቄው በሩ ላይ ይመለሳል። የሚያስፈልገው ጽሑፍ ሌላ ነው፦ የወንጀል መዝገብ ቁጥሩ፣ የፍርዱ ቀን፣ የቅጣቱ ዓይነትና መጠን፣ የተፈታበት ቀን፣ ከዚያ ወዲህ ያለፈው ጊዜ፣ የካሳው ሁኔታ፣ በመጨረሻም «በወንጀል ሕግ አንቀጽ 232 እና 233 መሠረት እንድሰየም» የሚል ዳኝነት። ከዚህ ጋር የውሳኔ ግልባጭ፣ የመፈቻ ደብዳቤ፣ ከሚኖርበት ቀበሌ የመልካም ጠባይ ማስረጃ ይያያዛል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ጉዳዩን በአንድ ቀጠሮ ያስጀምራል፤ የማያውቅ ዓመት ይመላለሳል።

ከሁኔታዎቹ ሁሉ በጾታዊ ወንጀል ላይ ትልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የካሳው ነው። ሕጉ ጉዳትን መካስ ሲል ተበዳይዋ እንድትታረቅ አይጠይቅም። በተግባር ግን አመልካች ወይም የሚረዳው ሰው «ታርቀናል» የሚል ወረቀት ቢያዝ ዳኛውን ያሳምናል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ሽማግሌም ወደ ተበዳይዋ ቤት ይላካል። ሴትየዋ አሥራ አምስት ዓመት ለመርሳት ስትታገል የኖረችው ነገር በደጃፏ ላይ በሦስት ሽማግሌ ይነሳባታል። ብትፈርም ተገድዳ ነው፤ እንቢ ብትል በመንደሩ ጨካኝ ትባላለች። ይህ ሁለተኛ ጥቃት ነው፤ ይህን የሚያደራጅ የሕግ ረዳትም ሙያውን አያውቅም። ትክክለኛው መንገድ ካሳ ተፈርዶ ከሆነ በፍርድ ቤት በኩል መክፈልና ደረሰኙን ማያያዝ ነው፤ ካልተፈረደ ገንዘቡን በፍርድ ቤት ሒሳብ ማስያዝ እንዲፈቀድ መጠየቅ ይቻላል። ተበዳይዋ ሐሳቧን መስጠት ከፈለገች በዐቃቤ ሕግ በኩል ትስጥ፤ ካልፈለገች ዝምታዋ በማንም ላይ አይቆጠር።

ልዩ መዝገብ ያቋቋሙ አገሮች መውጫውን በተመለከተ ያለፉበት መንገድ ለኢትዮጵያ ትምህርት አለው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በ1947 (በውጭ አገር ሕጎች ላይ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጀመረችው ምዝገባ በ1990ዎቹ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ፤ ከ1996 ጀምሮ መረጃው ለሕዝብ እንዲገለጥ ተደረገ። በ2006 የወጣው የፌዴራል ሕግ ጥፋተኞችን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ለ15 ዓመት፣ ለ25 ዓመትና ለዕድሜ ልክ እንዲመዘገቡ አዘዘ። ካሊፎርኒያ ግን ለሰባ ዓመታት ያህል ሁሉንም ለዕድሜ ልክ ስትመዘግብ ኖራ ዝርዝሩ በዝቶ ፖሊስ አደገኛውን ከተራው መለየት አቃተው፤ ከ2021 ጀምሮ ወደ 10 ዓመት፣ 20 ዓመትና ዕድሜ ልክ ከፋፈለችው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ጊዜያቸው ሲሞላ በሚኖሩበት አካባቢ ፍርድ ቤት አመልክተው ይወጣሉ፤ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ የመቃወም ዕድል አላቸው። በእንግሊዝ ደግሞ ለዕድሜ ልክ የተመዘገቡ ሰዎች ምዝገባቸው እንዲታይ የሚጠይቁበት መንገድ አልነበረም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ይህ ከሰብዓዊ መብት ጋር ይጋጫል ሲል ወሰነ። ከ2012 ወዲህ አዋቂዎች ከ15 ዓመት በኋላ፣ በልጅነት ያጠፉት ከ8 ዓመት በኋላ ማመልከት ይችላሉ። በደቡብ አፍሪካም በ2014 ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ልጆች ጉዳያቸው ሳይመዘን በቀጥታ እንዲመዘገቡ የሚያደርገውን ድንጋጌ ሽሯል።

ይህ የመጨረሻው ለአማራ ክልል በጣም ይቀርባል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊትን ይቀጣል፤ በዚህ ሥር የሚከሰሰው የ45 ዓመት ባለ እርሻም፣ የ17 ዓመት የክፍል ጓደኛም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ማስፈር ፍትሕ አይደለም፤ ሕፃናትንም አይጠብቅም። መዝገብ የሚቋቋም ከሆነ 18 ዓመት ያልሞላው ጥፋተኛ የሚገባው ዳኛ ጉዳዩን መርምሮ በምክንያት ሲያዝ ብቻ መሆን አለበት።

በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ነገሩ በቀጥታ ይነካቸዋል። በአሜሪካ ነዋሪ ሆኖ ዜግነት ያልወሰደ ሰው በመድፈር ወይም በልጅ ላይ በሚፈጸም ጾታዊ ጥቃት ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ከዝርዝሩ መውጣቱም፣ ፍርዱ በግዛት ሕግ መሰረዙም በኢሚግሬሽን ፊት ፍርዱን አያጠፋውም፤ ይህን ባለማወቅ ብዙ ገንዘብ ለጠበቃ ከፍሎ መጨረሻ ላይ የሚያዝን ሰው ይኖራል። ዜጋ የሆነውም ቢሆን በ2006ቱ ሕግ መሠረት በልጅ ላይ በተፈጸመ በተወሰኑ ወንጀሎች የተፈረደበት ከሆነ፣ አደጋ የሌለው መሆኑን ካላስረዳ በቀር፣ ሚስቱን ወይም እጮኛውን ከአገር ቤት ለማምጣት ማመልከት ይከለከላል። ወደ ኢትዮጵያ ለመጓዝ ሲያስብም ከ21 ቀን በፊት ማሳወቅ ሊጠበቅበት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ በልጅ ላይ ባጠፉት ፓስፖርት ውስጥ መለያ ጽሑፍ ይገባል። ስለዚህ በውጭ ያለ ሰው አንድ የወንጀል ጠበቃ ብቻ መያዙ አይበቃውም፤ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ሊያየው ይገባል።

ወደ አገር ቤት ጉዳይ ስንመለስ የሕግ እርዳታው ክፍተት ሰፊ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት የሚሰጠው ለተከሰሰ ሰው ነው፤ ቅጣቱን ጨርሶ የሚያመለክት ሰው ተከሳሽ አይደለምና ተከላካይ ጠበቃ አይቆምለትም። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በትክክለኛው ወገን፣ ከተበዳዮች ጋር ነው የቆመው፤ ከእሱ የጥፋተኛ ማመልከቻ መጠበቅ አይገባም። ከአካባቢው የሚቀርበው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ነው። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚመች እንዲህ ያለ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ነው፤ ማመልከቻው ብዙ ክርክር የለውም፣ ማስረጃው የጽሑፍ ነው፣ ተማሪ በመምህር ቁጥጥር ሊያዘጋጀው ይችላል። ማረሚያ ቤቶችም ለሚፈታ ሰው ከመፈቻ ደብዳቤው ጋር መሰየም መቼና የት እንደሚጠየቅ የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ቢሰጡ ወጪው ከወረቀቱ አይበልጥም።

ይህን እርዳታ መስጠት ለጥፋተኛ ማድላት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ቁጣው ይገባል፤ ልጁ የተጎዳችበት ወላጅ ስለ አጥፊው መብት እንዲያስብ ማንም አይጠይቀውም። ነገር ግን መታወቂያ ማውጣት፣ በስሙ መቀጠርና በአንድ ቦታ መኖር የማይችል ሰው ጠፍቶ አይጠፋም፤ ስሙን ለውጦ መታወቂያ ወደማይጠየቅበት በረሃ ይወርዳል። ያ በረሃ የኮኪት ሰሊጥ እርሻ ነው፤ በዚያ የሚያገኛቸውም ጠባቂ የሌላቸው ቡና ሻጭ ልጃገረዶች ናቸው። በአንድ አድራሻ የሚኖር፣ ዓመታትን ቆጥሮ ፍርድ ቤት የሚቀርብ፣ ጠባዩ የሚመረመር ሰው ከሸሸው ይልቅ ለሕግ ቅርብ ነው።

ስለሆነም የጾታዊ ጥቃት ፈጻሚዎች መዝገብ በሕግ ሲቋቋም ከአንቀጽ 232 እስከ 237 ካሉት ድንጋጌዎች ጋር መያያዝ አለበት፦ ፍርድ ቤት የሰየመው ሰው ከልዩ መዝገቡም የሚወጣበትን፣ በሕፃናት ላይ ለተፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች የመጠበቂያው ጊዜ የሚረዝምበትን፣ ከልጆች ጋር በሚያገናኝ ሥራ ላይ እገዳው የሚቀጥልበትን ሁኔታ ሕጉ ራሱ ይወስን። እስከዚያ ድረስ ያለው ሕግ በሥራ ላይ ነው። ጽኑ እሥራት ጨርሶ ከተፈታ 5 ዓመት የሞላው ሰው የሚጀምረው ፍርዱን ከሰጠው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው፤ በመጀመሪያ የሚጠይቀውም የውሳኔውን ግልባጭ ነው።